ካሜራና መብራት በቀየራችሁ ቁጥር ሴታፑ እንዳይፈርስባችሁ፤ የማክሮ ሪጌን እንዴት እንዳሻሻልኩት

ስሙኝማ ማክሮ (ትንንሽ ነገር በጣም ቀርባችሁ) የምታነሱ ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ አንዱን ካሜራ አውርዳችሁ ሌላውን አስራችሁ፣ መብራቱን አስተካክላችሁ፣ ፎከስ አግኝታችሁ እንደገና ማንሳት እስክትጀምሩ ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? እኔ ሃያ ምናምን ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ፣ አንዳንድ ቀን ከዛም በላይ፣ አሁን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አዲስ ካሜራ ገዝቼ አይደለም፣ አዲስ ሌንስም አልገዛሁም፣ ያው የነበረኝን ዕቃ አቀማመጡን ነው የቀየርኩት፤ እና እንዴት እንዳደረግኩት ከነሚሊሜትሩ ልንገራችሁ።

እኔ በብዛት የማነሳው ሁለት ነገር ነው፣ ነፍሳትና ኦፓል። ኦፓል ስል የኛው የወሎው፣ ያ ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ በ2008 እ.ኤ.አ. የተገኘው ማለቴ ነው። አንድ ድንጋይ ቢያንስ አራት ፎቶ ይፈልጋል፤ ሙሉ ድንጋዩ በአንድ ለአንድ ማክሮ (ሴንሰሩ ላይ ልክ በራሱ መጠን አርፎ) ይነሳል፣ ውስጡ ያለው የቀለም አጣጣል ደግሞ በ5 እጥፍ ቀርበን ይነሳል፣ ሁለቱም አንዴ በለስላሳ መብራት የድንጋዩ መልክ እንዲታይ፣ አንዴ ደግሞ በአንድ ጠንካራ መብራት እሳቱ እንዲታይ። እንግዲህ 40 ድንጋይ በአንድ ቀን ሲመጣ ስንት ጊዜ ካሜራና መብራት እንደሚቀየር አስቡት።

የዛን ጊዜ ሁለቱም ፍላሾች ካሜራው ላይ በብራኬት ነበር የታሰሩት፣ ማለትም ካሜራው ሲወርድ መብራቱም አብሮ ይወርዳል። አንድ ድንጋይ የሚነግዱ ትልቅ ሰው ፎቶዎቹን ሊያዩ መጡ፣ አጠገብ ላጠገብ ከፈትኩላቸው፣ ዝም ብለው ትንሽ አዩና «ልጄ፣ ይሄ የኔ ድንጋይ አይደለም» አሉኝ።
«ኧረ ጋሼ የርስዎ ነው፣ ቁጥሩም ይኸው።»
«ታዲያ ቀዩ የት ሄደ?»
አፌን ይዤ ቀረሁ፣ ምክንያቱም ልክ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ከግራ ጠርዝ እስከ መሀል እንደ ፍም የሚነድ ቀይ አለ፣ ሁለተኛው ላይ እዛው ቦታ አረንጓዴና ትንሽ ሰማያዊ ነው። ድንጋዩ ግን አንድ ነው። ሁሉንም እንደገና ማንሳት ነበረብኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ማለት ነው።

ምን ሆኖ መሰላችሁ፣ ኦፓል ቀለም ያለው ነገር ውስጡ ስላለ አይደለም እንደዛ የሚያበራው። ውስጡ በጣም ጥቃቅን የሲሊካ ድቡልቡሎች እንደ ብርቱካን ክምር በረድፍ ተደርድረው ነው ያሉት፣ ብርሃን በነሱ መሀል ሲያልፍ ይበታተናል፣ የትኛው ቀለም ወደናንተ እንደሚመጣ የሚወስነው የድቡልቡሎቹ መጠንና ብርሃኑ የገባበት ማዕዘን ነው። ማዕዘኑን ትንሽ ስትቀይሩት ቀዩ አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ይጠፋል። ስለዚህ እኔ ካሜራ ቀየርኩ ብዬ ሳስብ መብራቱንም እየቀየርኩ ነበር። ነፍሳት ላይም ያው ነው፣ የጢንዚዛ ጀርባ ላይ ያለው ነጸብራቅ መብራቱ በተነካ ቁጥር ቦታው ይቀየራል፣ ኦፓል ላይ ግን ችግሩ ፍጥጥ ብሎ ስለሚታይ እሱ አስተማረኝ።

ከዛ በኋላ የያዝኩት ህግ አንድ ብቻ ነው፣ መብራቱ የሚታሰረው ከዕቃው (ከምታነሱት ነገር ማለቴ ነው) ጋር ነው፣ ካሜራው ጋር አይደለም። ካሜራ ሲሄድ ሲመጣ መብራት ንቅንቅ ማለት የለበትም፣ መብራት ሲቀየርም ካሜራው መነካት የለበትም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህች የወጣ ነው።

መጀመሪያ መሠረቱ። ትራይፖድ ላይ ይሄን መስራት አይቻልም፣ እርሱት። እኔ እምነበረድ ከሚቆርጡ ሰዎች ጋ ሄጄ ቁራጭ ፈለግኩ፣ 80 በ30 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ የሆነ አገኘሁ፣ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ነው። ለኩሽና ጠረጴዛ ሲቆርጡ የሚተርፍ ነው፣ ሳትከራከሩ አትውሰዱ ብቻ። አራት ቀዳዳ ራሳቸው ባላቸው መሰርሰሪያ በሱልኝ፣ እናንተ ቤት ባላችሁ ትራፓኖ አትሞክሩት፣ ይሰነጠቃል። በቀዳዳዎቹ 1 ሳንቲ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ፕላስትራ በቡሎን አሰርኩበት፣ 60 ሳንቲ ርዝመት 10 ሳንቲ ስፋት፣ እሱ ላይ ነው ሬይሉ (ካሜራውን ወደፊትና ወደኋላ የሚያንሸራትተው) የሚቀመጠው። ከእምነበረዱ ስር ደግሞ የሳይክል ጎማ የውስጥ ላስቲክ በትንሹ ብቻ ነፍቼ አጥፌ አስገባሁ። እኔ ያለሁበት ሰፈር ሲኖትራክ ሲያልፍ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄን ካደረግኩ በኋላ ግን ላይቭ ቪው (የካሜራው ስክሪን) ላይ በ5 እጥፍ እያየሁ መኪና ሲያልፍ ምስሉ ቀስ ብሎ ትንሽ ይወዛወዝና ይቆማል፣ ያ ድሮ የነበረው ቅብጥብጥ ጠፍቷል። ላስቲኩን አጥብቃችሁ ከነፋችሁት ግን አይሰራም፣ በጣት ስትጫኑት ጎርበጥ የማይል ልስልስ መሆን አለበት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ ከፍታ። ካሜራ ስትቀይሩ ለምንድነው ሁሉ ነገር የሚጠፋባችሁ? የእያንዳንዱ ካሜራና ሌንስ መሀል ከፕሌቱ (ስሩ ከሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት) ያለው ከፍታ ስለሚለያይ ነው። በቃ ሌላ ምስጢር የለውም። ካሊፐር ወይም ደህና ማስመሪያ ያዙና ከፕሌቱ ታችኛ ገጽ እስከ ሌንሱ መሀል ድረስ ለእያንዳንዱ ለኩ፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። የኔ የማክሮ ሌንሱ 47 ሚሊ ሆነ፣ የ5 እጥፉ ቱቦ (ወደታች እገልጸዋለሁ) ደግሞ 61 ሚሊ። ረጅሙን እንደ መነሻ ትይዛላችሁ፣ አጭሩ ስር የጎደለውን ትሞላላችሁ፣ እኔ ጋ 61 ሲቀነስ 47፣ 14 ሚሊ የአሉሚኒየም ቁራጭ ማለት ነው። ቶርኖ ቤት ወስጄ ሁለቱን ገጽ አስተካክለው ቆረጡልኝ፣ ስትሄዱ «ወደ 14 አካባቢ» አትበሏቸው፣ ልክ 14 በሏቸው፣ ሁለቱ ገጾች ትይዩ ይሁኑ ብላችሁ አስረግጣችሁ ንገሯቸው፣ ምክንያቱም ቁራጩ ትንሽ ካዘመመ ሌንሱ አንገቱን ይደፋና ከፍታው ልክ ሆኖ እንኳን መሀሉ ይሸሻል። ለምን ይሄን ያህል ታስጨንቀናለህ ካላችሁ፣ ፉል ፍሬም ሴንሰር ላይ በ5 እጥፍ የምታዩት ስፋት 7.2 ሚሊ ብቻ ነው፣ በ10 እጥፍ ደግሞ 3.6 ሚሊ። 2 ሚሊ ከተሳሳታችሁ በ5 እጥፍ ዕቃው ወደ ጠርዝ ይሸሻል፣ በ10 እጥፍ ጭራሽ አይታይም፣ ከዛ እየዞራችሁ ስትፈልጉት ነው ያ ሃያ ደቂቃ የሚያልቀው።

ፕሌትና ክላምፕ (ፕሌቱን ነክሶ የሚይዘው)። ሁሉንም ነገር ወደ አንድ ዓይነት አምጡት፣ አርካ ስዊስ የሚባለውን ስታይል ያዙ፣ ያ ጎኑ 45 ዲግሪ የተቆረጠው፣ ስፋቱ ወደ 38 ሚሊ የሆነው። የትም ይገኛል፣ ርካሹም ከነጉድለቱ ያገለግላል። ማንሻ ያለው ክላምፕ ፈጣን ነው ያምራልም፣ ግን የተለያየ ድርጅት ፕሌት ስፋቱ በትንሹ ስለሚለያይ አንዱን አጥብቆ ሌላውን ላላ አርጎ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ፕሌቶቻችሁ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡ ከሆነ በእጅ የሚዞረውን ባለ ስክሪው ያዙ። አምስት ሰከንድ ይጨምራል፣ ካሜራችሁ ግን መሬት አይወርድም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ካሜራ ቦዲ ስር የሚታሰረው ፕሌት የተቆረጠው ጎኑ የሚሄደው ወደ ግራና ቀኝ ነው፣ ሌንስ ኮላር (ሌንሱን የሚይዘው ቀለበት) ስር ያለው ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። ሁለቱን በአንድ ክላምፕ ላይ ላቀያይር ካላችሁ ክላምፑን በየጊዜው 90 ዲግሪ ማዞር ይኖርባችኋል፣ ስታዞሩት ደግሞ ሁሉ ነገር ቦታውን ይለቃል። መፍትሄው ሁሉንም በሌንስ በኩል ማሰር ነው፣ ቦዲውን በጭራሽ አትሰሩት። ሌንሱ ኮላር ያለው ከሆነ ተገላገላችሁ፣ ከሌለው የቀለበት ዓይነት መያዣ ይገዛል ወይም ይሰራል። ፕሌቱ ላይ ወደኋላ ጫፉ አንድ ትንሽ ማቆሚያ ቡሎን ግጠሙ፣ ፕሌቱ ወደ ክላምፑ ሲገባ ቡሎኗ እስክትነካ ገፍታችሁ ታጠብቃላችሁ፣ ሁልጊዜ እዛችው ቦታ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ይቺ ትንሽ ቡሎን ካደረግኩት ነገር ሁሉ የበለጠ ጊዜ የቆጠበችልኝ እሷ ናት።

ስለ ቡሎን ካነሳን አይቀር፣ እባካችሁ ስለ ጥርሱ ተጠንቀቁ። የካሜራ ስር ያለው ቀዳዳ ሩብ ኢንች ነው፣ በኢንች 20 ጥርስ ያለው፣ 6.35 ሚሊ። እቃ መሸጫ ቤት ሄዳችሁ «ለካሜራ የሚሆን» ስትሏቸው ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ ኤም 6 ነው፣ በአይን ስታዩት አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። አንድ ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዛ ይይዛል፣ የገባ መስሏችሁ በኪያቬ ስትጫኑት የካሜራው ጥርስ ይበላል። የኤም 6 ጥርስ በ1 ሚሊ ነው የሚራመደው፣ የሩብ ኢንቹ በ1.27፣ አይገናኙም። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ ሁለቱን ቡሎን ጎን ለጎን ጥርስ ለጥርስ አጋጥማችሁ ወደ መብራት ያዟቸው፣ መሀላቸው ብርሃን ከታየ ይለያያሉ። አሉሚኒየም ላይ ራሳችሁ የሩብ ኢንች ጥርስ የምታወጡ ከሆነ በ5.1 ሚሊ ነው የሚበሳው፣ ለትልቁ 3/8 ደግሞ በ8 ሚሊ። ካሜራው ውስጥ የሚገባው የቡሎን ርዝመት ከ4.5 ሚሊ እንዳይበልጥ፣ ከረዘመ ሮንዴላ ጨምሩበት።

ሌላዋ ወጥመድ ኤም 42 ናት። የድሮ ሌንሶችና ቤሎውስ (እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው ቱቦ) ላይ ያለው ኤም 42 ጥርሱ በ1 ሚሊ ይራመዳል፣ ቴሌስኮፕ ላይ ያለው ቲ 2 የሚባለውም ስፋቱ 42 ነው ግን ጥርሱ በ0.75 ነው። ስትገዙ ሁለቱም «42» ተብሎ ይጻፋል። ግማሽ ዙር ገብቶ ከጠበቀባችሁ አትታገሉት፣ አውጡት።

የኔ ሁለቱ ራሶች (ክላምፑ ላይ የማቀያይራቸው ሌንሶች ማለቴ ነው) እንግዲህ እነዚህ ናቸው። አንደኛው ኮላር ያለው መቶ ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ ነው። ሁለተኛው ቱቦ ነው፣ ፊቱ ላይ የሚቱቶዮ 5 እጥፍ የማይክሮስኮፕ ኦብጀክቲቭ (የፊት ሌንስ) አለ፣ መሀሉ ላይ ሬይኖክስ 150 የተባለው ሌንስ ተገጥሟል፣ ከዛ ኋላ እስከ ሴንሰሩ ድረስ ባዶ ቱቦ ነው፣ ውስጡ በጥቁር ቬልቬት የተሸፈነ። ይሄ ኦብጀክቲቭ የተሰራው 200 ሚሊሜትር ሌንስ ከኋላው እንዲኖር ነው፣ ሬይኖክሱ 208 ስለሆነ 5.2 እጥፍ ይሰጠኛል ማለት ነው። ኦብጀክቲቩን አሜሪካ ያለችው እህቴ ናት ያገለገለ ገዝታ የላከችልኝ፣ እናንተ ግን ይሄ የግድ አያስፈልጋችሁም፣ ማክሮ ሌንስ ላይ ሬይኖክስ 250 ፊቱ ላይ ጠቅ አርጎ መጀመር ይቻላል፣ የመቀየሩ ነገር ያው ነው። የሚቱቶዮዎቹ አንድ ደስ የሚል ነገር 5 እጥፉም 10 እጥፉም ከዕቃው ያላቸው ርቀት ወደ 34 ሚሊ መሆኑና ርዝመታቸውም እኩል መሆኑ ነው፣ ስለዚህ 5ቱን አውጥታችሁ 10ሩን ስታስገቡ ፎከሱ እዛው አካባቢ ይቆያችኋል። 34 ሚሊ ደግሞ ለመብራት ሰፊ ቦታ ነው፣ ርካሾቹ ኦብጀክቲቮች ዕቃው ላይ ሊለጠፉ ምንም አይቀራቸውም፣ መብራት የምታስገቡበት ቀዳዳ ትፈልጋላችሁ።

ሁለት ቦዲ ካላችሁ በእያንዳንዱ ራስ ላይ አንዳንድ ቦዲ ትታችሁ ራሱን ከነቦዲው ታቀያይራላችሁ፣ ይሄ ፈጣኑ ነው። አንድ ቦዲ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ራሶቹ ባሉበት ቆይተው ቦዲው ብቻ ከኋላ በማውንቱ (ሌንስና ቦዲ በሚጋጠሙበት) ይፈታል ይገጠማል። የተለያየ ብራንድ ቦዲ የምታቀያይሩ ከሆነ ሂሳቡ ይሄ ነው፣ ካኖን ኢኤፍ ማውንት ከሴንሰሩ ያለው ርቀት 44 ሚሊ ነው፣ ኒኮን ኤፍ 46.5፣ ሶኒ ኢ 18፣ ካኖን አርኤፍ 20፣ ኒኮን ዜድ 16። ቱቦዬ ጀርባው ካኖን ኢኤፍ ነው እንበል፣ ሶኒ ላስገባ ስል 44 ሲቀነስ 18፣ 26 ሚሊ ውፍረት ያለው አዳፕተር ካስገባሁ ሴንሰሩ ልክ የቀድሞው ቦታ ላይ ያርፋል፣ ፎከሱም አይነቃነቅም። የተለመዱት አዳፕተሮች የሚሰሩትም በዚሁ ልክ ነው። አዳፕተሩን ቦዲው ላይ ለጥፋችሁ ተዉት፣ ከዛ ቦዲው ራሱ እንደ ካኖን ይቆጠራል፣ በየጊዜው መፈታቱ ይቀራል።

ሬይሉ ላይ ለእያንዳንዱ ራስ ምልክት አድርጉ። እኔ ነጭ የወረቀት ፕላስተር ከጎኑ ለጥፌ በስስ እስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ፣ አንዱ «100»፣ አንዱ «5» ይላል። ራስ ስቀይር ሬይሉን ወደ መስመሩ ወስጄ በቃ፣ ፎከሱ ሁለት ሦስት ሚሊ ውስጥ ነው ያለው። ርካሾቹ ባለ አራት አቅጣጫ ሬይሎች ስትመልሷቸው ትንሽ ባዶ ይዞራሉ፣ ስለዚህ ሁሌም ከአንድ አቅጣጫ እየገፋችሁ ወደ ምልክቱ ድረሱ፣ ካለፋችሁት ወደኋላ ብዙ መልሳችሁ እንደገና ኑ። ለስታክ (ፎከሱን በትንሽ በትንሹ እየገፉ ብዙ ፎቶ አንስቶ ወደ አንድ ማዋሃድ) ግን በ5 እጥፍ በእጅ አይሆንም፣ የ5 እጥፉ ኦብጀክቲቭ ጥርት የሚያደርገው ጥልቀት 14 ማይክሮን (የሚሊ ሺኛ) ነው፣ ደረጃውን 10 ማይክሮን አድርጌ ነው የምሄደው፣ ለዚህ ሞተር ያለው ሬይል ያስፈልጋል። 10 እጥፉ ደግሞ 3.5 ማይክሮን ነው፣ እሱን ለሌላ ቀን።

ዕቃው የሚቀመጥበትም ቦታ አንድ ይሁን። ድንጋይ ትልቅም ትንሽም ይመጣል፣ ያኔ ካሜራውን ከፍ ዝቅ አታድርጉ፣ ዕቃውን ከፍ ዝቅ አድርጉት። እንደ መቀስ የሚከፈት የላቦራቶሪ ማንሻ አለ፣ እሱን እምነበረዱ ላይ አስሬዋለሁ።

አሁን መብራት። እምነበረዱ ላይ ከዕቃው ግራና ቀኝ ሁለት ምሰሶ ተክዬአለሁ፣ ቱቦላሬ ነው፣ ብየዳ ቤት ታችኛውን ጫፍ ላሜራ በየዱልኝ። እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ትንሽ የአርካ ክላምፕ አለ፣ እያንዳንዱ መብራት ስር ደግሞ ትንሽ ፕሌት። ፍላሽ ሆነ ኤልኢዲ ሆነ ሁሉም ያችኑ ፕሌት ስላላቸው ፍላሹን ስቤ አውጥቼ ኤልኢዲውን እከታለሁ፣ ማዕዘኑ አይቀየርም። መጀመሪያ እነዛ የሚታጠፉ እጆች ነበር የተጠቀምኩት፣ ሦስት መገጣጠሚያ ያላቸው፣ ለአንድ ቀን ስራ ምንም አይሉም፣ ግን ነገ ያንኑ ማዕዘን መልሼ ላግኝ ስትሉ አይቻልም፣ ፍላሽ ከከበደባቸውም ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ 80 ፎቶ ስታክ ስታነሱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብርሃን ይለያያል።

ለጠንካራው መብራት የሰራሁትን በደንብ ልግለጽላችሁ ምክንያቱም ኦፓሉን ያዳነው እሱ ነው። ከ12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ግማሽ ክብ ቅስት ቆረጥኩ፣ የውስጡ ራዲየስ 25 ሳንቲ፣ የእንጨቱ ስፋት 6 ሳንቲ፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ቅስቱ ከግራ ወደ ቀኝ በዕቃው ላይ እንደ ድልድይ ያልፋል፣ መሀሉ ልክ ድንጋዩ ላይ ነው። በየ15 ዲግሪው ቀዳዳ በሳሁ፣ ከላይ ከአናቱ ዜሮ ብዬ ወደ ግራ 15፣ 30፣ 45፣ 60፣ 75፣ ወደ ቀኝም እንደዛው፣ እያንዳንዱ ስር በነጭ ቀለም ቁጥሩን ጻፍኩ። ትንሿ ኤልኢዲ ስፖት ከኋላዋ ፒን አላት፣ ፒኗን ቀዳዳው ውስጥ ትከታላችሁ፣ ወደ መሀል ታያለች፣ ያበቃል። አሁን ድንጋዩን አስቀምጬ መብራቱን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እያዘዋወርኩ አያለሁ፣ ቀዩ 30 ግራ ላይ ፏ ብሎ ሲወጣ ደብተሬ ላይ «ድንጋይ 17፣ 30 ግራ» ብዬ እጽፋለሁ። ከሳምንት በኋላ ያ ድንጋይ ተመልሶ ቢመጣ፣ በሌላ ካሜራ ባነሳው፣ ያው ቀይ ነው የሚወጣው፣ ድንጋዩን ራሱ ግን እንዳታዞሩት ጠርዙ ላይ የትኛው ወገን ወደ ካሜራ እንደነበር በሥዕል ያዙ። እኚያ ትልቅ ሰው ድጋሚ ሲመጡ ሁለቱን ፎቶ አዩና «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው ሌላ 25 ድንጋይ አወጡልኝ።

ለስላሳው መብራት ደግሞ ዲፊውዘሩን (ብርሃኑን የሚያለሰልሰውን ወረቀት) ከመብራቱ ነጥላችሁ ከዕቃው ጋር አድርጉት። አርክቴክቶች የሚስሉበትን ትሬሲንግ ወረቀት 9 ሳንቲ ስፋት ባለው ክብ ጠቅልዬ ዕቃውን ዙሪያውን እሸፍነዋለሁ፣ ፊቱ ላይ ለሌንሱ ቀዳዳ አለው። ፍላሾቹ ከወረቀቱ 15 ሳንቲ ያህል ራቅ ይላሉ፣ በጣም ከቀረቡ ወረቀቱ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ነው የሚሰሩት፣ ጢንዚዛው ጀርባ ላይም ያንኑ ነጥብ ታዩታላችሁ፣ ራቅ ሲሉ ግን ወረቀቱ ሙሉ ይበራል። ለትልቅ ነፍሳት አንድ፣ ለትንሽ ከእርጎ ኩባያ የተቆረጠ አንድ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት የካርቶን ቀለበት ስር ስላላቸው ማንሻው ላይ በአንድ እጅ ይነሳሉ ይቀመጣሉ። ኦፓል ላይ ይሄን ብቻ ተጠቅማችሁ እንዳትቀሩ፣ ከሁሉም አቅጣጫ ብርሃን ሲመጣ እሳቱ ይደበዝዛል፣ ድንጋዩ ወተት ይመስላል።

ፍላሽ ወይስ ኤልኢዲ? ነፍሳት ላይ ፍላሽ። አነስተኛ ኃይል ላይ፣ 1/128 ላይ፣ ብዙዎቹ ስፒድላይቶች ብልጭታቸው ወደ 1/20000 ሰከንድ ነው፣ ንቅናቄ የሚባል ነገር አይታይም። ትሪገሩን (ፍላሹን ከርቀት የሚያስተኩሰውን) ማንዋል አርጉት፣ ማንዋል ከሆነ ካሜራው አናት ላይ ካለው መግጠሚያ የመሀሏ ፒን ብቻ ስለምትበቃ የአንዱ ብራንድ ትሪገር ሌላው ቦዲ ላይም ይተኩሳል፣ ግን አንዳንድ አነስተኛ ቦዲዎች ያቺን የመሀል ፒን የላቸውም፣ ሳትገዙ እዩ። ብዙ ካሜራዎች ደግሞ በጸጥተኛው ኤሌክትሮኒክ ሻተር ፍላሽ አይተኩሱም። ኦፓል ላይ ኤልኢዲ፣ ምክንያቱም ቀለሙን በአይናችሁ እያያችሁ ነው ማዕዘን የምትመርጡት። ኤልኢዲውን ግን ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት አታገናኙት፣ ከፓወር ባንክ አድርጉት። መብራት ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም፣ ቮልቴጁ ሲወዛወዝ አንዳንዱ መብራት ብርሃኑም አብሮ ስለሚወዛወዝ ነው፣ ስታኩ መሀል ላይ ሦስት ፎቶ ጨለም ብለው ታገኛላችሁ። የቤት አምፖል መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/25 አድርጉት፣ ብልጭልጩ ይረጋል። ዋይት ባላንስ ለፍላሹ አንድ፣ ለኤልኢዲው አንድ፣ በግራጫ ካርድ አንሱና ካሜራው ላይ ሴቭ አድርጉ፣ መብራት ስትቀይሩ ቁልፍ መጫን ብቻ ይሆናል።

ገመዶች። ይሄን አጭር ላድርገው፣ ሁሉንም ገመድ እምነበረዱ ጠርዝ ላይ እሰሩ፣ ከካሜራው የሚወርደው ብቻ ላላ ብሎ ቅስት ይስራ። የተወጠረ ገመድ ሬይሉን ይጎትታል።

የወሎ ኦፓል የምታነሱ ደግሞ ይሄን እወቁ፣ ድንጋዩ ፈሳሽ ይጠጣል። ውሃ ሲገባበት ግልጽ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙም ይደክማል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፣ ዘይት ከገባ ግን መመለሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ለማቆም ያንን የሚለጠፍ ሰማያዊ ማስቲካ አትጠቀሙ፣ ቅባት አለው። እኔ የቧንቧ ጎሚኒ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ አድርቄ ድንጋዩን እላዩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ክብ ስለሆነ ይይዘዋል። እጃችሁ ላይ ሎሽን ካለ ታጠቡ። የሚያግል የሃሎጅን መብራት አታቅርቡበት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያ ደግሞ የሰው ንብረት ነው።

ሁሉን ሰርታችሁ ስትጨርሱ እንዲህ ፈትሹት። የአንድ ብር ሳንቲም ማንሻው ላይ በትንሽ ሞርሳ ነገር ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ አንበሳው ወደ ካሜራ ይይ። በማክሮ ሌንሱ የአንበሳውን ዓይን መሀል ላይ አምጡትና አንሱ። አውጡት፣ ሁለተኛውን ራስ አስገቡ፣ ሬይሉን ወደ ምልክቱ ውሰዱ፣ አንሱ፣ አውጡት፣ የመጀመሪያውን መልሱ፣ አንሱ። አምስት ጊዜ ይሄን አድርጉ፣ መብራት በየመሀሉ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ መልሱ። ፎቶዎቹን ደራርባችሁ እዩ፣ ዓይኑ ከመሀል የሸሸው ከግማሽ ሚሊ በታች ከሆነና ጥላው አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ ስራ ጀምሩ። በ5 እጥፉ ብቻ ከሸሸ ከፍታው ነው፣ ከስር የሞላችሁትን የአሉሚኒየም ቁራጭ አውጥታችሁ ሁለቱን ጫፍ በካሊፐር ለኩ። በየዙሩ ወደተለያየ ቦታ ከሸሸ ግን ማቆሚያ ቡሎኗ ላልታለች፣ ወይ ደግሞ ፕሌቱ ሌንስ ኮላሩ ላይ እየዞረ ነው፣ በእጃችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ከነቃነቀ ሁለተኛ ቡሎን ጨምሩበት።